ሦስቱ ጥቁር ፍላሾች

ሟቹ ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ተደፍቷል። በአጠገቡ ግማሹ የተጠጣ ሻይ፣ ከፊቱ ደግሞ እንደበራ የቀረ ላፕቶፕ ነበር። ስክሪኑ ላይ «የሚስቴ ቅናት ሰለቸኝ። በቃኝ፤ ደህና ሁኑ» የሚል ተጽፏል።

መርማሪዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አጭር፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል፣ የማታውቀውን ለመጠየቅ የማታፍር ሴት ናት። ሻዩ ውስጥ መርዝ እንደነበረ ሐኪሙ ነግሯታል።

ሟቹ የሚሠራበት ወርክሾፕ ምስጢራቸው እንዳይነካባቸው ለሚፈልጉ ሰዎች ላፕቶፕ ያዘጋጃል። ካሜራውና ማይክራፎኑ በጎኑ ባለች ማጥፊያ ይዘጋሉ፤ ማንም ውስጡን መርምሮ ሊያሻሽለው የሚችል ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይጫንበታል፤ ዲስኩም ባለቤቱ ብቻ በሚያውቀው የይለፍ ቃል ይቆለፋል። የሚሠሩበት ሦስት ነበሩ፤ ሟቹ፣ ሸሪኩና በቅጥነቷ የተነሳ «መርፌ» የሚሏት ባለሙያ።

ሚስትየው ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች መርማሪዋን ስታይ። «ሦስቱም ለምሳ ሊወጡ ሲሉ መጥቼ ተጣላሁት። ላፕቶፑን ክፈትልኝ፣ ከመርፌ ጋር የምትጻጻፈውን አሳየኝ አልኩት። በሰው ፊት አዋረድኩት።»

«ከፈተልሽ?»

«የደንበኞች ምስጢር አለበት ብሎ እምቢ አለኝ። ጥዬው ወጣሁ። አሁን ልጆቼን በምን ዓይኔ ልያቸው? አባታችሁን በቅናቴ ጨረስኩት ልበላቸው?»

መርማሪዋ መርፌን አስጠራች።

«ሚስቱ እንደምትቀናብኝ አውቃለሁ» አለች መርፌ። «እኔና እሱ ግን ከሥራ ሌላ አውርተን አናውቅም። እውነቱን ልንገርዎት? እኔም እቀናበት ነበር። እሱ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰውን እኔ ቀኑን ሙሉ ስታገለው እውላለሁ።»

መርማሪዋ ላፕቶፑ ጎን ላይ ወደተሰካች ጥቁር ፍላሽ አመለከተች። «ይቺ ምንድን ናት?»

«ማስነሻ ፍላሽ። ሙሉ ሲስተም አላት። ሦስታችንም አንዳንድ አለን፤ በየራሳችን የይለፍ ቃል ቆልፈን አንገታችን ላይ እናንጠለጥላታለን። ለሰው አናውስም። ዲስኩ አልከፈት ያለን ላፕቶፕ የምናስነሳው በእሷ ነው።»

«አሁን ብነቅላትስ?»

«እንዳይነቅሏት! በእሷ ስናስነሳ የምንጽፈው የትም አይቀመጥም፤ ደብዳቤው አብሯት ይጠፋል።»

መርማሪዋ እጇን ሰበሰበች።

ሸሪኩ ሲገባ ዓይኑ ቀልቷል። «ወንድሜ ነበር» አለ። «አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። ከምሳ ስመለስ ነው እንዲህ ሆኖ ያገኘሁት። ምን ያድርግ፣ ሚስቱ መቼ አስቀመጠችው!»

«የእርስዎ ፍላሽ የታለች?»

«ይኸው፣ ካንገቴ ወርዳ አታውቅም!» አለ፣ ከሸሚዙ ሥር ቀልጠፍ ብሎ እያወጣ። ወንድሙ ሞቶበት እንዲህ የሚቀላጠፍ ሰው መርማሪዋን ብዙም አላጋጠማትም።

ሚስትየውን፣ መርፌንና ሸሪኩን ዋናው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ላይ ገና ሲስተም ያልተጫነባቸው ሁለት ላፕቶፖች አስቀምጣለች።

«እናንተ ከኔ በላይ ታውቃላችሁና ስሳሳት አርሙኝ» ብላ ጀመረች። «ላፕቶፑ የሟቹ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ያውቀዋል። ሊሰናበት የፈለገ ሰው የገዛ ላፕቶፑን ከፍቶ ይጽፋል እንጂ ለምን በፍላሽ ያስነሳዋል?»

«እንደዚያ የሚያደርገው ዲስኩን መክፈት ያልቻለ ሰው ነው» አለች መርፌ፣ ድምጿ እየቀነሰ።

«ስለዚህ የጻፈው ሌላ ሰው ነው። የሟቹም ፍላሽ በይለፍ ቃሉ የተቆለፈች ስለሆነች ሰውየው የግድ በራሱ ፍላሽ አስነሳ። ጽፎ ሲጨርስ ግን ጉድ ፈላ። ቢነቅላት ደብዳቤው ይጠፋል፤ ትቷት ቢሄድ ባዶ አንገቱን ይቀራል። ስለዚህ የሟቹን ካንገቱ አውልቆ ራሱ አጠለቃት። መልካቸው አንድ ነው፤ ማን ይለያቸዋል?»

ሚስትየው ማልቀሷን አቆመች።

«እስቲ ሁለታችሁም በየፍላሻችሁ አስነሱልኝ።»

መርፌ ወዲያው ከፈተች። ሸሪኩ ጻፈ፤ ስክሪኑ «ስህተት» አለው። ደግሞ ጻፈ፤ ደግሞም «ስህተት»። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ።

«እጄ ተንቀጥቅጦ ነው» አለ።

«ይሁን። የደብዳቤውን ፎቶ አንስተናል። እንግዲህ ያንን ላፕቶፕ አጥፍተን እንደገና እናስነሳውና የይለፍ ቃልዎን እዚያ ይሞክሩት።»

ሸሪኩ ከወንበሩ አልተነሳም።

«ደንበኛ ሁሉ በሩን ሲከፍት የሚጠይቀው እሱን ነው» አለ። «እኔን የሚያየኝ የለም። እሱንስ እንደምንም ቻልኩት።» ወደ ሚስትየው ዞረ። «ያልቻልኩት ያንቺን ነገር ነው። እንዲህ አለችኝ፣ እንዲህ ብላ ሳቀችብኝ ሲል ይውላል። ስትቀኚበት እንኳ ደስ ይለዋል። ቤቴ ስገባ የት ዋልክ የሚለኝ የለም፤ እሱ በቅናትሽ ይኮራብኛል! መርዙን ወር ሙሉ በኪሴ ይዤ ዞርኩ። ዛሬ ተጣልተሽው ስትወጪ እየሳቀ ነበር። ሻዩን ያቀረብኩለት ያኔ ነው።»

ፖሊሶቹ በካቴና አስረው ይዘውት ወጡ። ሚስትየው ብድግ ብላ ተከተለቻቸው። ልትመታው መስሏት መርማሪዋ ልትይዛት ሮጠች። እሷ ግን በሩ ላይ ደርሳ የሸሪኩን እጅጌ ያዘች።

«ቆይ» አለችው። «ለእኔ አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። ስለኔ ሌላ ምን ይልህ ነበር?»