ዘንዶው ያልሰማው ዜማ

በሳቤር ምድር የጎማር ሐይቅ በጠራራ ፀሐይ ፈላ። ዓሣው ተቀቅሎ ሲንሳፈፍ ያየ ሁሉ ምልክቱን የሚፈታለት ነቢይ አላስፈለገውም፤ ከሐይቁ ሥር ያለው ዘንዶ እየነቃ ነበር። ዘንዶው በየዓመቱ አዲስ ዜማ ካልተዘፈነለት አይተኛም፤ አንዴ የሰማውንም አይረሳም።

ጥፋቱ የመጣው ከቤተ መንግሥት ነው። ልሳነ ነሐስ የተባለው፣ ጠንቋይ የሠራው ዘፋኝ ነሐስ የሀገሩን ዜማ ሁሉ ውጦ፣ ንጉሡ ባዘዘው ቁጥር ከግንቡ ላይ ያዜም ነበር። ማማሩስ ያምራል፤ ምን ይዋሻል። ግን አዝማሪ ክረምቱን ሙሉ የተጨነቀበትን እሱ በአንድ ትንፋሽ ሲያወርደው፣ «ታዲያ እኔ ምን አደከመኝ?» እያለ ሁሉም ክራሩን ሰቀለ። የሚውጠው ያጣው ነሐስም የድሮውን ያመነዥክ ጀመር።

ወጣቷ ትርሲትም ክራራቸውን ከሰቀሉት አንዷ ናት። ንጉሡ አስጠራት።

«ልጄ፣ ሀገር በእጅሽ ናት።»

«ንጉሥ ሆይ፣ ጣቴ ክር ከነካ ቆይቷል። ቢሆንም በአባቴ አጥንት እምላለሁ፣ እሄዳለሁ።»

ክራሯን ከተሰቀለበት አውርዳ ስትነሣ አብሯት የሄደው እንደ አባት ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ላቀው ነበር። ሕመም ድምፅ ይሰብራል ብሎ በሚፋጀው ጭቃ ላይ አዝሏት ከሐይቁ ሥር እስካለው የዘንዶው ዋሻ ደረሰ።

የዋሻው ሕግ ጥንታዊ ነው፤ ዜማውን ሌላ ጆሮ አይሰማውም፣ ዘፋኙም በዜማው ያነሣውን ለዘላለም ይረሳል። ስለዚህ የቀደሙት ስለ ፈረስና ስለ ማሳ እየዘፈኑ የሚወዱትን ሰው ከመርሳት ያመልጡ ነበር። ላቀው ጆሮውን በሰም ደፈነ።

ትርሲት ስለ ማሳ ጀመረች፤ ዘንዶው ዓይኑን ገለጠ። ስለ ፈረስ ቀጠለች፤ ጭራውን ሲያነሣ ከጣሪያው ድንጋይ ተናደ። ይህን ሁሉ ከነሐሱ ሰምቶታል። ዞር ብትል የላቀው እግር ተልጦ ደም ይፈስሰዋል፤ ዓይኑ ግን አይዞሽ ይላታል።

የምታጣውን እያወቀች ስለ እሱ ዘፈነች፤ ስታለቅስ አዝሎ እንደሚያባብላት፣ በግራ ትከሻው ላይ እንቅልፍ እንደሚወስዳት፣ ለእሷ ብሎ ትዳር ሳይዝ እንደቀረ። የረሳችው ደስታ ወደ ጣቷ ተመለሰ፤ ዜማው እንዲያልቅ አልፈለገችም። ዘንዶው አገጩን አሳርፎ ተኛ፤ ውሃውም ጸጥ አለ።

ላቀው ሰሙን አወጣ። «ስለ ምን ዘፈንሽ?»

«አላውቅም። እርስዎ ማን ነዎት?»

ያን ጊዜ ገባው፤ እንባውን ዋጥ አደረገ።

«ላቀው እባላለሁ፤ ያዘልኩሽ እኔ ነኝ። ነይ፣ ጭቃው ገና አልበረደም።»

እንግዳ ሰው ጀርባ ላይ መውጣቱ አሳፈራት። ጥቂት እንደሄዱ ግን ራሷን በግራ ትከሻው ላይ አሳረፈች፤ ጣቷም ክር መፈለግ ጀመረ።

«እስቲ ስለ እርስዎ ይንገሩኝ» አለችው።