የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያው ነው

ሽማግሌው ከውሃ ታንከሩ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተው የተገኙት፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሲጥል ባደረ በማግስቱ ጠዋት ነው። መሰላሉ ከአጠገባቸው ቆሟል፤ ጫፉ አዲሱ አሸንዳ ላይ ተደግፏል። ከአሸንዳው የሚወርደው ቱቦ ታንከሩ አፍ ውስጥ ገብቷል። ነገር የሚያሳጥር ሰው «ቱቦውን ሊያገናኙ ወጡ፣ አዳለጣቸው፣ ወደቁ» ብሎ ይዘጋው ነበር። የግቢው ሰውም እንደዚያው ብሎ ዘግቶት ነበር። ልጃቸው ብቻ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና ምንም ሳትል ቆማለች።

የመጣችውን መርማሪ ባልደረቦቿ «ወስፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ የያዘችውን ሳትበሳ አትለቅም። አስከሬኑ ሲነሳ ጎንበስ ብላ ከሥሩ ያለውን መሬት በመዳፏ ዳበሰች።

«ግቢው ሁሉ ጭቃ ነው። እዚህ ግን አቧራ» አለች። «ዝናቡ ሳይጀምር ነው የወደቁት።»

ከዚያ በርሜል ላይ ወጥታ መሰላሉ የተደገፈበትን የአሸንዳ ከንፈር በጣቷ ዳሰሰች።

«ይህን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ» አለ ግንበኛው፣ የልጅቷ ባል። ቤቱን ከውጭ የሚያድሰው እሱ ነው። «ስስ ቆርቆሮ ስለሆነ መሰላል እንዳታስደግፉበት ብዬ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮኬአለሁ። ሰው ከወጣበት ይጎብጣል።»

«አንድም ቦታ አልጎበጠም። እንግዲያው በዚህ መሰላል ማንም አልወጣም።»

ልጅቷ ወደ ባሏ ዞረች። አባቷ ከመሰላሉ ካልወደቁ የጣላቸው ሰው አለ ማለት ነው። ትናንት ቀን ደግሞ ባሏና አባቷ ሰው እየሰማ ተጨቃጭቀዋል። እሱ ግድግዳው አስቀድሞ ይለሰን ሲል፣ አባቷ «ቤት የሚታደሰው ከላይ ወደ ታች ነው፤ መጀመሪያ አሸንዳው!» ብለው ድርቅ አሉ። በመጨረሻ የእሳቸው ሐሳብ ጸና። ባሏ ግን በንዴት «አንድ ቀን ከዚያ ጣሪያ ሲወርዱ ያዩታል!» ብሎ ወጣ። የደም ፍላት ንግግር ነበር። ዛሬ ግን ፖሊሶቹ እሱን እሱን ያያሉ።

«ትናንት ሲመሽ የት ነበርክ?» አለችው ወስፌ።

«ሲሚንቶ ፍለጋ።»

«አገኘህ?»

«አላገኘሁም።»

«ያየህ ሰው?»

«የለም» አለ። ውሃ የማያነሳ መልስ መሆኑን ራሱም ያውቀዋል። ሚስቱ ክንዱን ያዘችው። እጁ እስከ ክርኑ ድረስ በካትራም ጠቁሯል።

«ይኼስ?»

«የቱቦው መጋጠሚያ ነው። ማጠፊያውን፣ ጎሚቶውን፣ ሳልጨርስ፣ አፉ ወደ መሬት እንደዞረ ካትራም ቀብቼው ነው የሄድኩት። ገና እርጥብ ነው፤ የነካውን ሁሉ ይይዛል። በሳሙና አይለቅም።»

ወስፌ የሟቹን መዳፎች ገልጣ አየች። ንጹሕ ናቸው። የታንከሩን ክዳን አነሳች፤ ውሃው በአቧራና በወፍ ኩስ ደፍርሷል። ከዚያ አጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ወደሚያዩት ጎረቤት ሄደች።

«እትዬ፣ ዝናብ ሲመጣ እሳቸው ምን ያደርጉ ነበር?»

«እኔን ያጨቀዩ ነበራ! የመጀመሪያውን ዝናብ መሬት ላይ ይለቁታል፤ ‹የጣሪያው ገላ መታጠቢያ ነው› እያሉ። ጭቃው ወደ እኔ ግድግዳ! ስንጣላ ስንት ዓመታችን።» ድምፃቸው ተሰበረ። «አሁን ከማን ጋር ልጣላ?»

የሟቹ ታናሽ ወንድም በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ከብዙ ዘመን በኋላ የተመለሱት ባለፈው በጋ ነው። ቤቱ የወላጆቻቸው ነው፤ ተሽጦ ድርሻቸው እንዲሰጣቸው ይፈልጋሉ። ሟቹ ግን በመሸጥ ፈንታ ማደስ ጀመሩ።

«ምን ሊያደርጉ የወጡ ይመስልዎታል?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ጠብታ ሲሰማ ታንከሩን ሊያገናኝ ነዋ! ወንድሜ አንዲት ማንካ ውሃ አያስመልጥም። ይህቺን ይህቺንማ እኔ ነኝ የማውቀው።»

«የላምባ ሽታ ይሸተኛል።»

«ማታ ፋኖስ አብርቼ ነበር። መብራት ጠፍቶ።»

ወስፌ አመስግናቸው ዞረች። ልጅቷ ግን ግንባሯን ቋጠረች፤ ትናንት መብራት አልጠፋም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። አንድ ፖሊስ ከግንበኛው ጀርባ ቆሟል። ልጅቷ የባሏን እጅ አልለቀቀችም። አባቷን ቀብራ ባሏን ለእስር ቤት ማስረከብ በአንድ ሳምንት የሚቻል ነገር አልመስል ብሏታል።

«ሟቹ ከጭንቅላታቸው በስተኋላ ነው የቆሰሉት» አለች ወስፌ። «የታንከሩ መቀመጫ ድንጋይ ላይ ደም አለ። ቆመው ሳለ ተገፍተው ነው የወደቁት። ገዳዩ ደነገጠ፤ አደጋ ሊያስመስለው መሰላሉን አምጥቶ አቆመ፣ ቱቦውንም ወደ ታንከሩ አዞረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አይደል? ግንበኛው ቢሆን በገዛ አሸንዳው ላይ መሰላል አያስደግፍም።»

«ተናዶ ከሆነስ?» አሉ አጎትየው።

«ቢናደድም ቱቦውን አያዞርም። በዚህ ቤት የመጀመሪያው ዝናብ ታንከር እንደማይገባ ያውቃላ! ልጃቸውም ታውቃለች። እትዬም ግድግዳቸው ይመሰክራል። የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ ካትራሙን ከእጁ ለማስለቀቅ ላምባ አስፈለገው፤ መብራት ባልጠፋበት ማታ።»

አጎትየው ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም።

«ያሳዩን» አለች።

አወጡት። ጥፍሮቻቸው ሥር ጥቁር መስመር ቀርቷል።

«ልገድለው አልነበረም» አሉ። «‹አልሸጥም› ሲለኝ ገፋሁት። በቃ። ደግሞ ቱቦው… እናታችን እኮ ገና ሲያንጠባጥብ ‹በርሜል አውጡ! አንዲት ጠብታ እንዳታመልጣችሁ!› ትለን ነበር። አብረን ነው ስንሯሯጥ ያደግነው። ይህን እንዴት ይረሳል?»

ልጅቷ ያን ጊዜ ነው ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረችው።

«አባባ አልረሱም፣ ጋሼ። እናቴን የገደላት ያ ውሃ ነው። የመጀመሪያውን ዝናብ ከበርሜሉ ጠጥታ ታማ በዚያው ቀረች። ለቅሶዋን ቢደርሱ ኖሮ ይሰሙ ነበር።»

አጎቷ አንገታቸውን ደፉ። ፖሊሱ ከግንበኛው ጀርባ ተነስቶ ወደ እሳቸው ሄደ።

ከቀብሩ በኋላ ባልና ሚስት ታንከሩን እስከ ታች አፍስሰው አጠቡት። ግንበኛው ጎሚቶውን ወደ መሬት መለሰው። ሰማዩ ሲጠቁር እሷ ከአሸንዳው ሥር ቆመች። ውሃው መጀመሪያ ደፍርሶ፣ ቅጠልና አቧራ ይዞ ወረደ፤ ወደ እትዬ ግድግዳም ፈሰሰ። እትዬ ከአጥሩ ማዶ እያዩ አልተቆጡም። ውሃው እየጠራ ሲሄድ በመዳፏ ተቀበለችና አየችው።

ባሏ ቱቦውን ይዞ ይጠብቃታል። «ላዙረው?»

«ትንሽ ቆይ» አለችው እያለቀሰች። «አባባ ቢሆኑ ገና ነው ይሉ ነበር።»