የጉድጓድ ዘንጋዳ

«ማሾ ይኖርሻል?»

«ያለኝ የዘንድሮ ነው።»

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። ፈሪሃ ፌስታሉን በጠረጴዛው ሥር ገፋችው። የጭነት መኪና ሾፌር መስሎ የተቀመጠው ሰው በእግሩ ሳበው። የጀውሃ ምግብ ቤት በሾፌሮች ጫጫታ ተሞልቷል፤ ማንም ልብ አላላቸውም።

ፈሪሃ የእውነት ስሟ አይደለም። በስውር የላካት መሥሪያ ቤት «ቆቅ» ይላታል። ሰውየው አለቃዋ ቢኒያም ነው። ፌስታሉ ከላይ ማሾ፣ ከሥር የሻገተ ዘንጋዳ፣ ቀዩን ማሽላ፣ ይዟል። ሸዋ ሮቢት ካለው ከአቶ ተክሌ ዱቄት ፋብሪካ ደብቃ ያወጣችው ናሙና ነው።

«ቶሎ በል» አለችው። «ልጆች እየታመሙ ነው።»

«አንቺ ብዙ አታስቢ። ብይ፣ ሥሪ፣ ዝም በይ።»

ብይ! ለአፉ እንዴት ቀለለው!

በይፋት ቆላ ማሽላ የሚቀመጠው ከመሬት ሥር ነው። ጉድጓዱ ውሃ ያስገባ እንደሆነ ግድግዳውን የተጠጋው እህል ይሻግታል። ባለቤቱ ያጥበዋል፣ ያሰጣዋል፣ ይቆላዋል፤ እሳት የነካው ነገር ንጹሕ ነው ብሎ ያምናል። ሻጋታው ይሞታል። መርዙ ግን እሳት አይፈራም። ሆድ ገብቶ ጉበት ይጎዳል፤ ቀዩን የደም ሴል ሸርሽሮ ያፈነዳል። ደም ጠብ ሳይል ያልቃል።

አቶ ተክሌ ይህንኑ እህል በርካሽ እየሰበሰበ የሕፃናት ገንፎ ዱቄት ያስፈጫል። ለሠራተኞቹም ምሳ የሚያበላው ከዚያው ነው። ያልበላ ሰው ሰላይ ነው ባይ ነውና፣ ቆሞ ያያል።

ስለዚህ ፈሪሃ በላች።

አጠገቧ እህል የምትለቅመው ዙልፋ ትንሿን ልጇን ሐጂራን ይዛ ትመጣለች። ልጅቷ ከእናቷ እጅ እምቢ ትላለች፤ ፈሪሃን ስታይ ግን አፏን ትከፍታለች።

«ወይ ጉድ! አንቺ ነሽ ወይስ እኔ ነኝ የወለድኳት?» ትስቃለች ዙልፋ። «በይ አጉርሻት እንጂ! ከስታ ማን ያገባታል?»

አቶ ተክሌ ያያል።

ፈሪሃ ታጎርሳለች። አንድ ቃል ብትናገር ማንነቷ ይገለጣል፤ ማስረጃው ይጠፋል፤ ዱቄቱ ስንቱ ሕፃን ቤት ይገባል። ኧረ ያቺን የምታጎርስ እጅ የሚይዝ ሰው እንዴት ይጠፋል!

ክረምቱ ሲወጣ ሐጂራ ነጣች። ከንፈሯ አመድ መሰለ። የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆነ፤ ሽንቷ እንደ ወፈረ ሻይ ጠቆረ። ፈሪሃም ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይደልቃል።

ቢኒያም ዱቄት ጫኝ መስሎ ፋብሪካው ድረስ መጣ።

«ናሙናሽ ተመርምሯል። ያ ነጭ ማሽላ ምንም የለበትም። ሥራው ተዘግቷል።»

ነጭ?

እሷ የሰጠችው ዘንጋዳ ነው። እንደ ሸክላ የቀላ። ለከተሜ ሰው ማሽላ ሁሉ አንድ ነው፤ ሲቀይረው ከገበያ ያገኘውን ንጹሕ ማሽላ ልኳል።

ቢኒያም ሸጧታል።

ፊቷን አልለወጠችም።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «እንኳን ንጹሕ ሆነ።»

ትኩር ብሎ አያት። ከዚያ ወደ አቶ ተክሌ ቢሮ ገባ። ወዲያው ዘበኞቹ በሩን ዘጉ። የምትወጣ ሴት ሁሉ ተፈተሸች፤ ሻሽ ተራገፈ፣ ጫማ ተገለበጠ፣ ሹሩባ ሳይቀር ተዳሰሰ። ጓሮ ውስጥ መኪናዎቹ ዱቄት እየጫኑ ነው። አንድ ፍሬ ማውጣት አልተቻለም።

በሩ ላይ የዙልፋን ክንድ ያዘች።

«ሐጂራን ሐኪም ቤት ውሰጃት። አሁን።»

«አባቷ ከእርሻ ይመለስ። ያለሱ እንዴት ብዬ?»

«ዙልፋ፣ በአላህ!»

«አንቺ ደግሞ! የልጅ ሕመም መች ጠፍቶ ያውቃል?»

የቢኒያም መኪና ሞተር ተነሳ። መቆም አልተቻላትም።

ሚኒባስ ውስጥ ዘላ ገባች። ከኋላ ይከተላታል። ሽንኩርት ተራ ሲደርሱ «ወራጅ!» ብላ ወረደች፤ በጆንያዎቹ መሐል ተሽሎክልካ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ላይ ወጣች። ሸራ ለበሰች። ቢኒያም አልፏት ሄደ።

ደብረ ሲና ወርዳ ግድግዳ እየተደገፈች ሐኪም ቤቱ ገባች። እዚያ የምትሠራው ዶክተር ሜሮን ለክፉ ቀን የተነገረቻት የመጨረሻዋ በር ናት፤ ቢኒያም የማያውቃት፣ የበላዮቹ ብቻ የሚያውቋት።

«ምን ይዘሽ መጣሽ?»

ፈሪሃ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋች።

«ደሜን።»

ሜሮን ከአጉሊ መነጽሩ ቀና ስትል ድምጿ ወርዶ ነበር።

«ቀያዮቹ ሴሎች ጠርዛቸው ተሸራርፏል። ብዙዎቹ ፈንድተዋል። እንዴት ቆመሽ መጣሽ?»

«ይበቃል?»

«መርዙ ራሱ በደምሽ መኖሩን ትልቁ ላብራቶሪ ያረጋግጣል። መኪናዎቹን ለማስቆም ግን ይበቃል። አሁን ተኚ።»

«መጀመሪያ ደውይ።»

መኪናዎቹ ጣርማ በር ላይ፣ የአውራ ጎዳናው ዋሻ አፍ ላይ ተያዙ። ቢኒያምና አቶ ተክሌም ተያዙ። ላብራቶሪው አረጋገጠ።

ሐጂራ ግን አባቷ ከእርሻ ሳይመለስ ሞተች።

ትዕዛዙ ግልጽ ነበር። ወደ ሸዋ ሮቢት አትመለሺ፣ ፍርድ ቤት እስኪሰየም ለማንም አትናገሪ። ፈሪሃ ተመለሰች። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ፣ ሰሌኑ ላይ ዙልፋ እጇን ይዛ ተንሰቀሰቀች።

«እስከ መጨረሻው አንቺን ስትጠራ ነበር።»

አንዲት አሮጊት ትኩስ ገንፎ ይዘው ገቡ።

«ቅመሺ ልጄ፣ ባዶ ሆድ ሐዘን አይችልም።»

ዱቄቱ ያው ነው፤ ለዙልፋ ከፋብሪካ የተሰጣት። ዙልፋ እጇን ዘረጋች።

«አትብዪው!» ፈሪሃ ሳህኑን ነጠቀች። «ልጅሽን የገደላት ይሄ ነው። እህሉ የሻገተ ነው።»

«መቼ አወቅሽ?» አለች ዙልፋ።

መዋሸት ሥራዋ ነበር።

«ከመጀመሪያው።»

ዙልፋ የያዘችውን የፈሪሃን እጅ ለቀቀች። ሳህኑን ተቀብላ ጓሮ ወጣች፤ ገንፎውን ደፍታ አፈር አለበሰችው። ተመልሳ ስትቀመጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ተቀመጪ ያላትም፣ ሂጂ ያላትም ሰው የለም። ፈሪሃ ጫማዋን አደረገችና ወጣች።

ሌላ ስም ተሰጣት፤ ሌላ ከተማ። ቀይ ሴል በጥቂት ወራት ውስጥ ራሱን ይተካል አሏት ሐኪሞቹ፤ ደምሽ ይመለሳል። በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ሌላው ይመለስ እንደሆነ አልጠየቀቻቸውም።