የማርስ ባጃጅ

«ጨረቃ አጠገብ ሲደርሱ፣ ከኋላ የተቀመጡት አሮጊት ‹ወራጅ አለ!› ብለው ጮኹ» አለ አንዋር በማይክሮፎኑ።

የትምህርት ቤቱ ግቢ በሳቅ ፈነዳ። ከጠባቧ የሚኒ ሚዲያ ክፍል ውስጥ ሆኖ እንኳ ይሰማዋል። ታሪኩ ስለ ካራቆሬው ሾፌር ስለ ጋሼ ጣሪቅ ነው፤ ባጃጃቸው ላይ የመስኖ ፓምፕ ሞተር ገጥመው ማርስ ይመላለሳሉ። ረዳታቸው ሮቦት ነው፤ ባጃጇ ካልሞላች ደግሞ ሞቶ ይገኛል እንጂ አያስነሳትም። «ማርስ አንድ ሰው! ማርስ የሞላ!»

«ደራሲና አቅራቢ፣ አንዋር ሙሳ» ብሎ ዘጋ።

መጀመሪያ ቀን ይቺ አባባል እንዲሁ ነበር ከአፉ ያመለጠችው፤ ሬዲዮ ላይ እንደዚያ ሲባል ስለሰማ። በማግስቱ ሊያርማት አስቦ ነበር። ግን የክፍላቸው ልጅ ናጅዋ በር ላይ ጠብቃ «አንተ ልጅ፣ ጭንቅላትህ ውስጥ ምንድነው ያለው?» አለችው። ከዚያ በኋላ ማረም ከበደው።

ታሪኩ የሙዐዊያ ነው፤ የዴስክ ጓደኛው። ግሪሳ ወፍ ማሽላቸው ላይ ከወረደ ወዲህ ሙዐዊያ ትምህርት ቤት አልመጣም። ቀኑን ሙሉ ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ ይወነጭፋል። አንዋር የቀኑን ትምህርት ሊያስረዳው ሲሄድ፣ ሙዐዊያ ወፍ እያባረረ የባጃጇን ጉዞ ያወራለታል።

ዛሬ ደግሞ ቲቸር ልዑል ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ይሄ እኮ መጽሐፍ ይወጣዋል! ጨርሰው፤ ለወላጆች ቀን መድረክ ላይ ታነበዋለህ።»

አንዋር «እሺ» አለ። ከትምህርት ሲለቀቅ በቀጥታ ወደ ሙዐዊያ ማሽላ ማሳ ሄደ።

«መጣህ፣ አንተ ሰነፍ? ውጣ ውጣ!» አለው ሙዐዊያ ከላይ። ድምፁ በጩኸት ብዛት ጎርንኗል። «ማርስ ደረሱልህ። ግን ሰው የሚባል የለም። ሮቦቱ አንድ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ብቻውን ‹ሸዋሮቢት! ሸዋሮቢት የሞላ!› እያለ ይጣራል። ሦስት ዓመት ተጣራ!»

ማማው ላይ አጠገቡ የወጣው አንዋር አልሳቀም።

«ምነው፣ አያስቅም?»

«ያስቃል፣ ወላሂ።»

«እንግዲህ ካንተ ሌላ የሚስቅልኝ የለም። ወፎቹማ ይኸው፣ ማሽላዬን እየበሉ ያዳምጣሉ።»

አንዋር የማማውን እንጨት ጨበጠ። «ሙዐዊያ፣ ታሪኩን በሚኒ ሚዲያ አቅርቤዋለሁ።»

ሙዐዊያ ወንጭፉን አወረደ። «የቱን?»

«እስካሁን የነገርከኝን በሙሉ።»

«ሳቁ?»

«አሮጊቷ ጋ ሲደርስ ዘበኛው ሳይቀሩ።»

የሙዐዊያ ፊት በራ። «ታዲያ ምን ሆነህ ነው የምታቀረቅረው? የኔ መሆኑን ሲሰሙ ምን አሉ? ናጅዋስ? አላመነችም አይደል?»

አንዋር ያን ፊት አየው። «ማንም አላመነም» ቢለው ይበቃ ነበር። ቢያንስ ለዛሬ።

«የኔ ነው ያልኩት» አለ። «ስምህን አልጠራሁም።»

አንድ መንጋ ወፍ ከወንዙ በኩል መጥቶ የማሳው ዳር ላይ አረፈ። ሙዐዊያ አላባረረውም።

«ነገ በማይኩ እናገራለሁ። ቲቸር ልዑል—»

«ውረድ።»

«ሙዐዊያ...»

«ውረድ አልኩህ እኮ!»

አንዋር ወረደ። ወደ ቤት የሚመልሰው ባጃጅ ጡሩምባ ከመንገዱ ይሰማል፤ አሁን ቢሮጥ ይደርስበታል። እሱ ግን ማሽላውን በክንዱ እየከፈለ ወፎቹ ወዳረፉበት ዳር ሄደ፤ ከመሬት የአፈር ጓል አንስቶ ወረወረ፤ እያጨበጨበ ጮኸ። መንጋው ተነሳ፣ ዞረና ራቅ ብሎ ደግሞ አረፈ። ተከተለው።

ሙዐዊያ ከማማው ላይ አልጠራውም። ሂድም አላለውም።