ሦስተኛው ጥሪ

ሲስተር መንበረ በሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ስትሮጥ ያያት ሰው የለም። ሩጫ የጀማሪ ነው ትላለች። በሽተኛ ሲገባ ከራስጌው ቆማ ስሙን ትጠራለች፣ ዓይኑን በባትሪ ታያለች፣ ጣቴን ጨብጥ ትለዋለች፣ ከዚያ ከኪሷ ሪባን አውጥታ አንጓው ላይ ታስርለታለች። ቀይ የታሰረለትን ሐኪም ወዲያው ያየዋል፤ ቢጫው ትንሽ ይጠብቃል፤ አረንጓዴው ኮሪደር ላይ ይቀመጣል። ጥቁር የታሰረለት ግን ከክፍሉ ጥግ ካለው ሰማያዊ መጋረጃ ጀርባ ይገፋል፤ ከዚያ ወዲያ ወደሱ የሚመጣው ቤተሰብ ነው እንጂ ሐኪም አይደለም።

መመሪያው ዝም ያለን በሽተኛ ሦስት ጊዜ ጥሩት፣ በየመካከሉ ጠብቁ ይላል። መንበረ ሁለት ጊዜ ነው የምትጠራው። መተንፈሻ መሣሪያው አንድ፣ በሽተኛው ሃያ በሆነበት ቤት ሦስተኛውን ጥሪ መጠበቅ ቅንጦት ነው ብላ፣ አዲስ የሚመጡትን ነርሶች ሁሉ እንዲሁ አስተምራለች።

ባለፈው ማክሰኞ አውቶቡስ ተገልብጦ ክፍሉ በቁስለኛ ሲጥለቀለቅ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ስትጠብቅ ስትሮክ ግማሽ አካሏን ሽባ አድርጎ የጣላትን ወይዘሮ ደብሪቱን ከገጠር አመጧት። ጸጉሯና እግሯ ዱቄት እንደለበሰ ነበር። መንበረ ሁለት ጊዜ ጠራቻት፤ ሴትዮዋ ዝም አለች፤ ጥቁር አሰረችላት። መድኃኒት ፍለጋ ወጥቶ የነበረው ወንድሟ አቶ ይመር ሲመለስ እህቱ ከመጋረጃው ጀርባ አርፋ ጠበቀችው። አልጮኸም፣ አልተቆጣም።

«እህቴ ትሰማ ነበር» አላት። «መንገዱን ሙሉ ስጠራት በሦስተኛው እጄን ትጨብጠኝ ነበር። በእኛ ቀዬ ሰው ለሁለት ጥሪ አይመልስም። ሁለት ጠርቶ የሚሄደው ሞት ነው፤ ሦስተኛውን የሚጠራ ሰው ነው። ስንት ጊዜ ጠሯት?»

«ሦስት» አለችው መንበረ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ እየደበደበ፣ መብራቱ አንዴ እየደመቀ አንዴ እየፈዘዘ፣ የኦክስጅኑ ጠርሙስ ውኃ ከግድግዳው ሥር እየተንፈቀፈቀ ሥራ እንደወትሮው ቀጠለ። ወለሉ በበረኪና ታጥቦ ነበር። ሆኖም መንበረ በመጋረጃው በኩል ባለፈች ቁጥር በበረኪናው ሥር ሌላ ሽታ ይመጣባታል፤ ከወፍጮ አፍ የወረደ የሞቀ ዱቄት ሽታ። የጽዳቷን ሴትዮ ጠየቀቻት፤ እሷ ምንም አልሸተታትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣሪያ ሲጠግኑ የወደቁ አባባ ወርቅነህ የሚባሉ ሽማግሌ በወሳንሳ ገቡ። ሁለት ጊዜ ጠራቻቸው። ዝም። እጇን ኪሷ ከትታ ጥቁሩን ሪባን ስትመዝ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ዝግ ያለ የሴት ድምፅ «ወርቅነህ» አለ፤ ሽማግሌውም ዓይናቸውን ገልጠው «አቤት» አሉ።

መንበረ ዞር ብላ አየች። እሷው ያሠለጠነቻት ሲስተር ሐመልማል ከወዲያ ጥግ እጇን እየታጠበች ነበር፤ ጠርተሻል ወይ ብትላት አልጠራሁም አለች። መንበረ መጋረጃውን ገለጠችው። ባዶ አልጋ ነው። አንሶላው ላይ፣ ሰው ተቀምጦ የተነሣበት በሚመስለው ጎድጓዳ ዙሪያ፣ ስስ ነጭ ብናኝ ነበረ። በመዳፏ አራገፈችውና ለማንም አልተናገረችም።

ለሽማግሌው ቀይ አስራ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደች። ብርነሽ የምትባለው የማጅራት ገትር በሽተኛ ከረጅም መንቀጥቀጥ ወጥታ ተዘርራለች። «ብርነሽ!» አለቻት ቶሎ፤ ደገመችና ሦስተኛውን ልትጨምር አፏን ስትከፍት ከኋላዋ፣ ከአንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ፣ ያ ድምፅ ቀደማት። የሞቀው ዱቄት ሽታ ማጅራቷ ላይ ደረሰ። ልጅቷ «አቤት» ብላ በመንበረ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች።

«ሲስተር» አለች ድክም ባለ ድምፅ፣ «የዚያችን ሴትዮ ሪባን ለምን አትፈቱላትም?»

መንበረ ዞራ ለማየት አልደፈረችም። ፈራች፤ ከፍርሃቱ በላይ ደግሞ አፈረች። ለይመር ነገ እደውልለታለሁ፣ ሁለት ጊዜ ነው የጠራኋት እለዋለሁ ብላ ለራሷ ማለች። መሐላዋን ሳትጨርስ ባትሪው ከግራ እጇ ወደቀ። ልታነሣው ብትል ጣቶቿ የሌላ ሰው ሆኑባት። አፏ በአንድ ወገን ወደ ታች ሲጎተት ተሰማት፤ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ሐመልማልን ልትጠራ ስትሞክር ግን ምላሷ ተሳሰረ፤ ወለሉም ወደ ላይ መጣባት።

አልጋ ላይ ሲያወጧት ሁሉንም ትሰማ ነበር፤ ዝናቡን፣ እንደገና የሚንቀጠቀጠውን የብርነሽን አልጋ፣ አንዱን መሣሪያ ለማን እንስጥ የሚለውን ጭንቀት። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ላይ ነበር፤ ውሳኔው የሐመልማል ነው።

«ሲስተር መንበረ» አለች ሐመልማል።

አቤት፣ አለች መንበረ በልቧ። ከንፈሯ አልተነቃነቀም።

«ሲስተር መንበረ!» የሐመልማል እንባ በመንበረ ጉንጭ ላይ ተንጠባጠበ። መንበረ ያላትን አቅም ሁሉ ወደ ቀኝ እጇ ላከች። አንድ ጥሪ ብቻ፣ ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ቢጨመርላት ትጨብጥ ነበር።

የብርነሽ አልጋ ይንኳኳል። ሐመልማል እያለቀሰች፣ እንደተማረችው፣ ጥቁሩን ሪባን ከራሷ ከመንበረ ኪስ አወጣችና አንጓዋ ላይ አሰረችው።

አልጋው መገፋት ጀመረ። በሽፋሽፍቷ መካከል በቀረችው ጠባብ ክፍተት ሰማያዊው መጋረጃ ሲቀርባት፣ በሥሩም ዱቄት የለበሱ ሁለት የተሰነጣጠቁ ተረከዞች ቀስ ብለው ሲዞሩ አየች። አሁን ፍርሃቷ ሁሉ ለቀቃት፤ ከዚያ ድምፅ በቀር ተስፋ የላትም። ጥሪኝ፣ አለቻት በልቧ፣ ሁለት ነው የጠራሁሽ፣ ዋሽቻለሁ፣ አንዴ ጥሪኝ። ለሽማግሌውም ለልጅቷም ሳይለመን የመጣው ጥሪ እስኪመጣላት እስትንፋሷን ሰብስባ ጠበቀች።

ወይዘሮ ደብሪቱ ስሟን አልጠራችም፤ ፈቀቅ ብላ ለአልጋው ቦታ ለቀቀችላት እንጂ።