ከስሙ ጎን የበራች ነጥብ

በገጹ ጥግ ያለችው ትንሽ ፎቶ የእኔ አልነበረችም። ይህን ያስተዋልኩት ግን የሚሆነው ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው።

ክፉ ክፉውን ማሰብ ልማዴ ነው። ልጄ ስታስል ሳንባዋ፣ ስልክ ሲጮኽ መርዶ ይመስለኛል። ባሌ በመኪና አደጋ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ባሰብኝ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ በራችን ነበር። አማቴ አያስቆልፉም። ልጃቸው ሲቀበር እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ስለነበር አፈር ሲለብስ አላዩም። የእሱ ቁልፍ ዛሬም ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

«ረስቶት ነው የወጣው» ይላሉ። «ቢመጣ ውጭ ይደር?»

እኔም በሩን በወንበር አስደግፌ፣ ልጄን አቅፌ፣ ኮሽ ባለ ቁጥር እየበረገግኩ አድራለሁ።

የምተዳደረው መጋረጃ ሰፍቼ ነው። ትዕዛዝ የምቀበልበት ኮምፒውተር እንደ ሽማግሌ ማቃሰት ሲጀምር አዲስ ገዛሁና ሁለቱንም ተሸክሜ ኮምፒውተር ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። ቸኩሎ ስለማያውቅ ሰፈሩ «ቀስ በቀስ» ይለዋል።

«የይለፍ ቃሎችሽን ታስታውሻቸዋለሽ?»

«እኔማ የት! እሱ ነው የሚያስታውስልኝ» አልኩ አሮጌውን እያሳየሁ።

«እንግዲያው ሳይሞት እናናዘው።»

ሳቅኩ። መሳቄ ራሴን አስደነገጠኝ።

«ኢንተርኔት የምትከፍችበት ብሮውዘር ያስቀመጠውን የይለፍ ቃል ሁሉ በአንድ ፋይል አውጥተን አዲሱ ላይ እናስገባዋለን» አለ። «ከዚያ ፋይሉን ወዲያው እናጠፋዋለን። ማንም ከፍቶ ያነበዋል፤ እሱን ትቶ መሄድ ቁልፍን በር ላይ ሰክቶ እንደመሄድ ነው።»

ስለ በርና ቁልፍ ሲያወራ የቤታችን በር ታወሰኝ።

ዝርዝሩ ሲከፈት ወንበሩን አዙሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አደረገ። «አንቺ እዪው። የማትፈልጊውን አጥፊ።»

አሮጌው ኮምፒውተር የእኔና የባሌ ስለነበር የእሱም የይለፍ ቃል አለበት። ጣቴ እሱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ማጥፋት እንደገና መቅበር መሰለኝ።

«ሁሉም ይሂድ» አልኩ።

ሲዞር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ምን አይተሽ ነው አላለኝም። ያ ዝምታው እስከ ቤቴ ተከተለኝ።

ከዚያ «ማውሱ እምቢ አለኝ» እያልኩ መመላለስ አበዛሁ። አንድ ቀን ማውሱን አገላብጦ አየና፣ «እሱስ ደህና ነው፤ አንቺስ?» አለኝ። ተጣድፌ ወጣሁ፤ ማውሱንም እዚያው ረሳሁት።

በዚያው ሰሞን አማቴ ተለወጡ። ፀጉራቸውን እያበጠሩ ያንጎራጉራሉ። አንድ ምሽት ስልካቸውን አቅፈው ጠሩኝ።

«አነበበው!»

«ማን እማማ?»

«ልጄ ነዋ! መብራቱ በርቶ የለ?»

መልእክት መላላኪያው ላይ ከባሌ ስም ጎን «አለ» የምትለው አረንጓዴ ነጥብ በርታለች። ከስር እሳቸው የጻፉት ተደርድሯል። «በሩን አልቆለፍኩትም።» «ይበርዳል፣ ቶሎ ና።» ከእያንዳንዱ ስር «ታይቷል» ይላል።

ልጄ ከአልጋዋ ሆና፣ «አባባ እኮ እዚህ ቤት ውስጥ ነው ያለው። አያቴ ነግራኛለች» አለች።

ተነስቼ የቤቱን መብራት ሁሉ አበራሁ። ቀስ ብዬ ሳስብ ግን የባሌን የይለፍ ቃል ሊያገኝ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ታወሰኝ። ሲነጋ ሱቁ ደጃፍ ቆምኩ።

«በሞተ ሰው ስም ገብተህ በአሮጊት ትጫወታለህ? ፊትህን ያዞርከው ለማስመሰል ነበር?»

ፊቱ አመድ መሰለ። ምሎ አልተገዘተም። «ኮምፒውተሩን ልየው» ብቻ አለ።

ቤት ሲመጣም እንድከፍተው ያደረገው እኔኑ ነው። ከትዕዛዝ መቀበያዬ ጀርባ ሌላ ገጽ ተከፍቶ ነበር።

«ጥግ ላይ ያለውን ፎቶ እዪ።»

ባሌ ነበር። አዲሱን ኮምፒውተር ባመጣሁ ቀን የመልእክት ገጼን ስከፍት ብሮውዘሩ ሁለት ስም አቅርቦልኝ፣ ሳላይ የላይኛውን ነክቻለሁ። ገጹ ከእናቱ ጋር የሚጻጻፍበት ቦታ ላይ ተከፍቶ ቀርቷል። እሳቸው በጻፉ ቁጥር መልእክታቸው ከጨርቄና ከመቀሴ መሀል ይደርሳል፤ «ታይቷል» የሚለውም ኮምፒውተሬ ነው። ልጄ እውነቷን ነው፤ ቤት ውስጥ ነበር።

«ይቅር በለኝ» አልኩ።

«የፈራ ሰው ብዙ ይናገራል።»

«ነጥቧን አሁኑኑ ላጥፋት?»

«እሳቸው ሳያውቁ?» አለ ቀስ ብሎ። «ድንገት ብትጠፋባቸው ምን ሊሉ ነው?»

ልባቸው ቀጥ ይላል ብዬ እየፈራሁ ለአማቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ወደ ኮምፒውተሩ መጥተው የልጃቸውን ፎቶ ዳሰሱ።

«የቱን ልጫን?»

«ይቺን እማማ። ቀስ ብለው» አልኩ ከገጹ መውጫዋን እያሳየሁ።

በአንድ እጃቸው ስልኩን ይዘው በሌላው ተጫኑ። አረንጓዴዋ ነጥብ ጠፋች። ስልካቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸጉጠው ወደ ጠጋኙ ዞሩ።

«የጻፍኩትን አንብበሃል?»

«አላነበብኩም።»

«ለምን? ፊት ለፊትህ ተከፍቶ ነበር እኮ።»

«ለእኔ አልተጻፈማ።»

አተኩረው አዩት። እኔም አየሁት፤ በዚህ ጊዜ ዓይኔን አልሰበርኩም።

በሩ ግን ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ሳይቆለፍ አደረ። እሱ እየመጣ ይቀመጣል፣ አማቴ «ሙሽራው ዛሬም ቀስ በቀስ ነው?» እያሉ ይተርቡታል፣ እኔ ደግሞ ይህንንም ሞት ይወስድብኛል እያልኩ እሰጋለሁ። በመጨረሻ፣ በተጋባን ዕለት ምሽት፣ አንድ ሻንጣና የመፍቻ ሳጥኑን ይዞ ቤታችን ገባ።

ለመኝታ ስንነሳ እንደ ልማዴ ወንበሩን ወደ በሩ ጎተትኩ።

«ተዪው» አሉ አማቴ። ከሚስማሩ ላይ ቁልፉን አወረዱና አቧራውን በነጠላቸው ጠረጉት።

«ነገ ስትወጣ ይህን ይዘህ ውጣ» አሉት። «እንዳትረሳው ልጄ።»

ከዚያ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክተው አዞሩት።