ምሰሶው ላይ የቀረ ሻሽ

«ውጭ ናት» አለች አይናዲስ።

ውጭ አልነበረችም። ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ቢጫ ኳስ የኖራውን መስመር ነክታ ነጭ አቧራ ስታስነሳ ፀደንያ በዓይኗ አይታለች። በዚህ ጨዋታ ግን ዳኛ የለም፤ እውነቱን መናገር ያለበት ኳሷ በእሱ በኩል የወደቀችበት ተጫዋች ነው። አይናዲስ ደግሞ መሸነፍ የሚባል ነገር አይሆንላትም።

«ይሁንልሽ» አለች ፀደንያ። ኳሷን ልታነሳ ጎንበስ ስትል ንፋሱ ቀደማትና እስከ አጥሩ ድረስ አንከባለላት።

ጨዋታው ፒክልቦል ይባላል። የስፖርት አስተማሪያቸው መምህር ታረቀኝ ክረምቱን አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዶ ተምሮት መጣ። ራኬቶቹን አናጺ ዘንድ ከቀጭን ጣውላ አስቆረጠ፣ የመረብ ኳሱን መረብ ዝቅ አድርጎ አሰረ፣ በቃ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሚችለው ሰው ስላልነበረ ጎበዙም ሰነፉም ሁሉም እኩል ጀማሪ ሆነ። ከመረቡ ፊት ያለው ጠባብ ቦታ «ማድ ቤት» ነው ስሙ፤ እዚያ ገብቶ ኳስን ከአየር ላይ መምታት ክልክል ነው። ፀደንያ ግን ኳስ ስታይ ሳታስበው ማድ ቤት ገብታ ትገኛለች።

ያን ዕለትም ገባች። ሰነዘረች፣ ሳተች፣ ራኬቱ ከእጇ አምልጦ መረቡን ተሻገረና አይናዲስ እግር ሥር ወደቀ።

«ኳሷን ነበር ያልኩሽ» አለች አይናዲስ። «ደግሞ ምን ወጥ ሊያርርብሽ ነው ማድ ቤት የምትሮጪው?»

ፀደንያ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። ከዚያ የራሷን ድምፅ ሰማችና ደነገጠች።

ከግንቦት ወዲህ ስቃ አታውቅም። ግንቦት ላይ ይታያል የሚባለው ታላቅ ወንድሟ ከዩኒቨርሲቲ ሲመለስ አባይ በረሃ ውስጥ መኪና ተገልብጦ ሞተ። ብስክሌት ያስተማራት እሱ ነበር፤ ዳማ ያስተማራት እሱ ነበር፤ ስትሸነፍ አለማኩረፍንም ሊያስተምራት ሞክሮ አቅቶታል። ሙት ዓመቱ ገና ሩቅ ነው። የሐዘን ቤት ልጅ ሜዳ ላይ ስትንከተከት ያየ ሰው ምን ይላል? ደብተሯን እንኳ ሳታነሳ ወደ ቤት ሮጠች፤ አይናዲስ ደብተሮቹን ይዛ ተከተለቻት።

እናቷ፣ እትዬ ታየች፣ እንደ ወትሮው መደቡ ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ከቀብሩ ወዲህ ከግቢው በር አልወጣችም። ቀና ብላ አየቻቸው።

«ሻሽሽ የታለ?»

ፀደንያ እጇን ወደ ራሷ ሰደደች። ለሐዘኑ የተላጨው ፀጉሯ ገና ጣት አይሞላም። ጥቁሩ ሻሽ ዓይኗ ላይ እየወረደ ቢያስቸግራት አውልቃ የመረቡ ምሰሶ ላይ አስራው ነበር፤ እዚያው ቀርቷል።

«ቤተ ክርስቲያን ነው የረሳችው፣ እትዬ ታየች» አለች አይናዲስ ፈጠን ብላ። «ይታያል መቃብር ጋ ሄደን ነበር። ስታለቅስ ፊቷን ጠርጋበት እዚያው አጥሩ ላይ ተወችው። እንዳይቆጧት።»

ታየች ልጇን ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻት። «እኔ እናቱ ያልደፈርሁትን አንቺ ሄድሽለት?» አለች። «ነገ በጠዋት አብረን እንሄዳለን። ሻሽሽንም እናመጣለን።»

ፀደንያ አይናዲስን እስከ በር ሸኘቻት።

«ምን አድርገሽ ነው?»

«አድኜሽ ነዋ፣ አቦ። አትጨናነቂ። ጠዋት ቀድሜ ከሜዳው አነሳውና መቃብሩ አጥር ላይ አንጠለጥለዋለሁ። ማን ያውቃል?»

እራት ላይ ታየች ከስንት ጊዜ በኋላ ጠቅልላ አጎረሰቻት። ውሸቱን አይናዲስ ብትዋሸውም የምትበላበት እሷ ነች። ብትናገር እናቷ ተመልሳ መደቡ ላይ ትቀመጣለች፤ ምናልባትም ዳግመኛ አትነሳም። ዝም ብትል ደግሞ እናቷ የልጇን መቃብር ለመጀመሪያ ጊዜ የምታየው በውሸት ተመርታ ነው። ይታያል ቢኖር ትጠይቀው ነበር፤ ቢኖርማ ጥያቄውም አይኖርም።

ጠዋት ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ታየች ጧፍ ይዛ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ወጣች። ሻሽ የሌለውን የልጇን ራስ በሌላ ነጠላ ሸፈነችው። ከግቢው ሲወጡ ጎረቤቶች እንደ ብርቅ አዩዋት። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ፣ ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ቁልቁል ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ታየች የፀደንያን ክንድ ጨበጠች።

«አንቺ ባትሄጂ ኖሮ እኔም አልነሳም ነበር» አለች።

ፀደንያ ቆመች።

«እማ፣ አልሄድሁም።»

«ምን አልሽ?»

«መቃብሩ ጋ አልሄድሁም። ሻሹ ትምህርት ቤት ነው ያለው። አዲስ ጨዋታ እየተማርን ነው፣ ለሱ ብዬ አወለቅሁት። ስቄም ነበር።»

ታየች ክንዷን ለቀቀች። ከመንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ሂጂ አምጪው» አለች በመጨረሻ።

ሜዳው ላይ አይናዲስ በጤዛ የራሰውን ቋጠሮ ከምሰሶው ልትፈታ ትታገላለች።

«ምነው መጣሽ? ይዤው ልሮጥ ነበርኮ።»

«ነገርኳት።»

«አብደሻል? ምን አለች?»

«ሂጂ አምጪው አለችኝ።»

አይናዲስ ሻሹን ፈትታ ሰጠቻት። ከዚያ ወደ ኖራው መስመር አየች። «ትናንት ኳሷ ውስጥ ነበረች» አለች።

«አውቃለሁ» አለች ፀደንያ።

ስትመለስ ድንጋዩ ባዶ ሆኖ የምታገኘው መስሏት ነበር። ታየች ግን እዚያው ነበረች፣ ፊቷን ወደ ሽቅቡ መንገድ አዙራ። ተነሳች፤ ፀደንያም ተከተለቻት። እናቷ ክንዷን መልሳ አልያዘችም። እንዲህ ሆነው ብዙ ከሄዱ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ታየ።

«ይታያል ይችለው ነበር፣ ይህን ጨዋታ?»

«አያውቀውም፣ እማ። የመጣው ከእሱ በኋላ ነው።»

ታየች እርምጃዋን ገታች። ከእሱ በኋላ የመጣ ነገር መኖሩን ገና አሁን የሰማች ይመስል ነበር። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«እንግዲያ ስንደርስ አንቺው ንገሪው» አለች።

ፀደንያ እርጥቡን ሻሽ አጥብቃ አሰረችና ከየት እንደምትጀምርለት ታስብ ጀመር። ከማድ ቤቱ ብትጀምርለት ይሻላል።